ያረጀች ካታሊና 22 ገዛሁ፣ በየቱ ልጀምር?

ወንዝዳር
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት እያነበብኩ ዝም የምል ሰው ነኝ። አሁን ግን የሚያስጽፍ ጉዳይ መጣ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በቅርቡ የ1978 ካታሊና 22 የሸራ ጀልባ ገዛሁ። ትሬለሯን፣ ሁለት ሸራና አንዲት ትንሽ ሞተር ጨምሮ 1,800 ዶላር። ሻጩ አዛውንት ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ነው የለቀቁልኝ። ጀልባዋ ውሃ ካየች ቆይታለች። ግቢያቸው ውስጥ ተሸፍና ነው የኖረችው። አሁን ማናሳስ፣ ጓደኛዬ ግቢ አቁሜያታለሁ።

ለማታውቋት፦ ርዝመቷ 6.5 ሜትር ገደማ ነው። አራት ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርባት ካቢን አላት። ከሆዷ ሥር ደግሞ የሚነሳና የሚወርድ ከባድ የብረት ኪል አለ፤ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ሚዛኗን የሚጠብቅላት ክንፍ ማለት ነው። ኪሉ ሲነሳ 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃታል፤ ሲወርድ አንድ ሜትር ተኩል ትፈልጋለች።

ለማሻሻያ 2,500 ዶላር መድቤያለሁ። ያሰብኩት ይሄን ነው፦ ሶላር፣ ሊቲየም ባትሪ፣ የፊቱን ሸራ የሚጠቀልል ፈርለር፣ አውቶፓይለት፣ ኤልኢዲ መብራት፣ አዲስ ፍራሽ፣ አንድ ደህና ስፒከር። ሚያዝያ ላይ ልጆቼን ይዤ ፖቶማክ ወንዝ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ። የሠራችሁበት ካላችሁ በየቱ ልጀምር?

ደረቅ_መሬት
ሀበሻና ጀልባ! ወንድሜ፣ በዚህ ብር እቁብ ብትገባበት አይሻልም ነበር? ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?

ወንዝዳር
ላንጋኖ ነው የተማርኩት። እቁቡ ነው ደግሞ ጀልባ የሆነው።

ደቡብ_ነፋስ
እንኳን ደስ ያለህ። እኔ አናፖሊስ እሮብ ማታ በሚደረገው ውድድር በሰው ጀልባ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት የአንተ ዓይነት ካታሊና ነበረችኝ። ጥሩ ጀልባ ናት። ፍራንክ በትለር የነደፋት፣ ከ15,000 በላይ የተሠራች ናት። መለዋወጫ አታጣም። አዲስ የሚመስልህ ችግር ሁሉ ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ላይ ደርሷል።

ዝርዝርህን ግን ገልብጠው። ስፒከሩ የትም አይሄድም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ኪሉ ይወድቃል ወይ? ምሰሶው ይወድቃል ወይ? ውሃ ይገባል ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ ሶላር መግጠም ትርፉ የሚሰጥም ሶላር ነው።

ከኪሉ እንጀምር። ክብደቱ 550 ፓውንድ ነው፣ 250 ኪሎ ግድም። ከፊቱ በኩል በአንድ የነሐስ ፒን ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል። ከኋላው በኩል የያዘው አንድ ቀጭን የሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ በጀልባዋ ወለል ቀዳዳ አልፎ ካቢን ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ያለው ዊንች (በማንቬላ የሚዞር መጠቅለያ) ላይ ይጠቀለላል። በቃ። ሌላ የሚይዘው የለም። ኪሉ ተነስቶ ሳለ ገመዱ ቢበጠስ ያ ሁሉ ብረት ተወርውሮ ይወርድና የሚገባበትን ሰገባ ይመታል። ፋይበርግላሱ ከተሰነጠቀ ውሃው ቀጥታ ካቢን ነው።

አሁኑኑ፣ ዛሬ ማታ፣ በባትሪ መብራት ልታያት የምትችላት አንዲት ነገር አለች። ገመዱ ወለሉን በሚበሳበት ቦታ ላይ እንደ እሳተ ገሞራ ሾጠጥ ያለች የፋይበርግላስ ጉብታ አለች። ከእሷ ወደ ላይ የጎማ ቱቦ ይወጣል፣ በማሰሪያ ቀለበት የታሰረ። ያ ቱቦ ከውሃው መስመር በታች ነው የሚጀምረው። ከደረቀ፣ ከተሰነጣጠቀ፣ ወይ ቀለበቱ ከዛገ ጀልባህ በራሷ ቀዳዳ ትሞላለች። ዋጋው ከስፒከርህ ገመድ አይበልጥም። ፎቶ አንስተህ ላክ።

ወንዝዳር
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አየሁት። ቱቦው በጥፍር ስጫነው ይሰነጠቃል። አንደኛው ቀለበት በጣቴ ተበጠሰ። ገመዱ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ክሮቹ ተፈትለው ወጥተዋል። ይቀየራል።

ፒኑን ግን እንዴት ነው የማየው? ጀልባዋ ትሬለር ላይ ናት፤ ኪሉም ትሬለሩ ላይ ተኝቷል።

ካቻቢቴ
ኧረ ለዚህማ እኔ አለሁ። ስፕሪንግፊልድ ጋራዥ አለኝ። ጀልባ አላውቅም፣ ብረት ግን አውቃለሁ። 250 ኪሎ ማለት የአንድ ሞተር ክብደት ነው። ክሪክ፣ ስታንድና እንጨት ካለ ይነሳል። ፒኑ ተበልቶ ከሆነ የጊዛውን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው ኪሉ) ቀዳዳ በብየዳ ሞልተን እንደገና እንበሳዋለን። ገመዱንም ከጋራዥ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) እሰጥሃለሁ፣ በነጻ።

ደቡብ_ነፋስ
ካቻቢቴ፣ ስታንዱን እንወስዳለን። ብየዳው ግን ይቆይ። ጊዛ በደንብ ሳይሞቅና ልዩ የኒኬል ኤሌክትሮድ ሳይኖር ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ ደግሞ ኪሉን የተሸከመው ቀዳዳ ላይ ነው የሚሆነው። የተለመደው መንገድ ቀዳዳውን አስፍቶ መብሳትና ቡኮላ (ፒኑ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት) መግጠም ነው። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ደግሞ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል እንጂ በእጅ ትራፓኖ አይሞከርም።

አወራረዱን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኪሉ ትሬለሩ ላይ እንደተኛ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ጠንካራ የእንጨት ሰረገላ ይገባል። ከዚያ ጀልባዋ ራሷ በክሪክ ቀስ እያለች ትነሳለች። አንዴ ፊቷን፣ አንዴ ኋላዋን፣ በእያንዳንዱ ርምጃ እንጨት እየተደረደረ። ስታንዶቹ በሁለቱም ጎን ይቆማሉ፤ የተቃራኒዎቹ ስታንዶች በሰንሰለት ይያያዛሉ፣ ካልሆነ እየተንሸራተቱ ይከፈታሉ። ጀልባዋ ከጸናች በኋላ ፒኑን የያዙት አራት ብሎኖች ይፈታሉ። ኪሉ ከነፒኑ ሰረገላው ላይ ይቀራል። ጎትተህ ታወጣዋለህ።

ኪሉ በገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ከሥሩ አይገባም። እጅም ቢሆን። ገመድህ ክሩ የወጣ መሆኑን አትርሳ።

ብሎኖቹን መልሰህ ስታስር ደግሞ ጉልበት አታሳይ። የሚነክሱት ፋይበርግላሱ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። የዚያን ጥርስ ከበላኸው ሥራው ከወለል ማፍረስ ይጀምራል።

ካቻቢቴ
እሺ ብየዳውን ተውኩት። በጋልቫናይዝዱ ግን አልስማማም። ስቴንለስ ውጪው እያበራ ውስጡ ያልቃል። ጋልቫናይዝድ ሲያረጅ ዝገቱን ያሳይሃል። እኔ የሚያስጠነቅቀኝን ብረት ነው የምመርጠው።

ደቡብ_ነፋስ
ክርክርህ መሠረት አለው። ስቴንለስ አየር በማያገኝበት ጥግ፣ እርጥበት ሲታሰርበት ውስጥ ውስጡን ይበላል። ለዚህ ነው በዓይን ብቻ የማይታመነው። እኔ ግን ለዚህ ጀልባ ተብሎ ከነጫፉ የተዘጋጀውን ስቴንለስ ገዝቼ በየጥቂት ዓመቱ መቀየርን እመርጣለሁ። ዋጋው ቀላል ነው። ጫፉ ተጠርቅሞ የመጣ ገመድ ጋራዥ ውስጥ በክላምፕ ከምናስረው ይበልጣል። ገመዱ አልፎበት የሚሽከረከረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ክላምፕ እዚያ አያልፍም።

አሽዶድ_ወደብ
ከእስራኤል ሰላምታ። እኔ እዚህ ማሪና ውስጥ ጀልባ ሠራተኛ ነኝ። ሜዲትራኒያን ጨው የበዛበት ነው፤ ብረት ሲበላ በየወሩ አየዋለሁ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ፦ ያንተ ውሃ ጨው ነው ወይስ ጣፋጭ? መልሱ የምትገዛውን ሁሉ ይለውጠዋል።

ወንዝዳር
አሌክሳንድሪያ አጠገብ ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ውሃው ጣፋጭ ነው። ወደ ታች ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ስትሄድ ነው ጨው ጨው እያለ የሚሄደው። እኔ ዋሽንግተን ሴይሊንግ ማሪና ወይም ቤል ሄቨን አካባቢ ነው የማስበው። ምናልባት በበጋ ወደ ቼሳፒክ ልጎትታት።

አሽዶድ_ወደብ
እንግዲያውስ ዕድለኛ ነህ። ጣፋጭ ውሃ ላይ ባርናክል የሚባለው ቅርፊት አይለጠፍብህም። አረንጓዴ ጭቃ ነው የሚይዝህ። ትሬለር ላይ የምትኖር ጀልባ ደግሞ በየጊዜው ስለምትደርቅ ውድ የሆነ የሥር ቀለም አያስፈልጋትም። አንዳንዱ የሥር ቀለም ከውሃ ወጥቶ ከቆየ ኃይሉን ያጣል፤ ስትገዛ ጣሳው ላይ ያንን አንብብ።

ለብረት መከላከያ የሚሰቀለው አኖድ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሱቅ ሄደህ «አኖድ» ስትል ዚንክ ይሰጡሃል። ዚንክ ለጨው ውሃ ነው። ጣፋጭ ውሃ ላይ በራሱ ቅርፊት ይሸፈንና ሥራ ያቆማል። ለጣፋጭ ማግኒዝየም፣ ለተቀላቀለው አሉሚኒየም። አንተ ሁለቱንም ቦታ ስለምትሄድ ሞተርህ ላይ አሉሚኒየም አድርግ።

ሌላ፦ 3ኤም 5200 የሚባለውን ማጣበቂያ ለሁሉም ነገር የሚቀባ ሰው ይገጥምሃል። አትስማው። ዳግመኛ ለማይፈታ ነገር ነው የተሠራው። አንድ ቀን ያንን ብሎን መፍታት ስትፈልግ ዴኩ (የጀልባዋ የላይኛው ወለል) አብሮት ይነሳል። ዴክ ላይ ለሚገጠም ዕቃ ቡቲል ቴፕ (ለስላሳ፣ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ጎማ) ይበቃል። እጅ አያቆሽሽም፣ ዓመታትን ይቆያል፣ ሲፈለግ ይለቃል።

ምጽዋ66
ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጀልባ ያለው ሀበሻ ሳይ ደስ ይለኛል።

እኔ የባሕር ኃይል ልጅ ነኝ። ምጽዋ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከባችን ላይ አገልግያለሁ። አሜሪካኖች ኦርካ ብለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጠቀሙባት ናት፤ በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው ለእኛ የሰጧት። ወጣትነታችን በቀይ ባሕር ሙቀት ዝገት ስንፈቀፍቅ ነው ያለፈው። ስለዚህ ስለ ኪልህ ዝገት ልናገር።

ከላይ ከላዩ ፈቅፍቀህ ቀለም አትቀባ። ዝገት ከቀለም ሥር ይሠራል እንጂ አይሞትም። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ውረድ። አሸዋ የሚነፋ ቤት ካገኘህ ውሰደው፣ ጊዜ ታተርፋለህ። ካልሆነ ግራይንደርና የሽቦ ብሩሽ፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርገህ። ከጸዳ በኋላ በሟሟ ጥረገው፣ በእጅህም አትንካው። የመጀመሪያውን ኢፖክሲ (ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ቅብ) በዚያው ቀን ቀባ። እርጥበት ባለበት አገር ጊዛ ምሽቱን አይጠብቅህም፣ ወዲያው ብርቱካናማ ይሆናል። ከዚያ ላይ ደጋግመህ ደራርብ።

ግን ደግሞ ሲበዛ አይሁን። ኪሉ ሰገባው ውስጥ መግባት አለበት። ስቱኮና ቀለም አወፍሮት ሰገባው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር አይቻለሁ። ውፍረቱን ከመጀመርህ በፊት ለካ፣ ከጨረስህም በኋላ ለካ።

ወንዝዳር
ጋሼ፣ ስላገኘሁዎት በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ምሰሶውስ ምን ይላሉ? እሱን ወጥረው የያዙት ሽቦዎች ከጀልባዋ ጋር አብረው ያረጁ ይመስሉኛል።

ምጽዋ66
ሽቦው 1978 ከሆነ አትመርምረው፣ ቀይረው። ምርመራ የሚያስፈልገው ዕድሜው ላልታወቀ ሽቦ ነው። ያም ቢሆን ዘዴው ቀላል ነው። ሶፍት ወረቀት ይዘህ ከላይ እስከ ታች ሽቦው ላይ አንሸራትት። ወረቀቱ የተያዘበት ቦታ ላይ የተበጠሰ ክር አለ። ክር የተበጠሰበት ሽቦ ደግሞ አይጠገንም። የተጠረቀመውን ጫፍ በማጉያ መነጽር እየው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች በቂ ምክንያት ናት።

ደቡብ_ነፋስ
በጋሼ ላይ አንድ ልጨምር። ሽቦዎቹ ዴኩ ላይ የሚታሰሩባቸውን ብረቶች አውጥተህ እያቸው። በዚያ ነው ውሃ ወደ ዴኩ ውስጥ የሚሰርገው። የካታሊና ዴክ ሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ መሐል ላይ እንጨት የያዘ ነው። እንጨቱ ከራሰ ይበሰብሳል፣ ላዩ ግን ጤነኛ ይመስላል። በካቻቢቴ (በመሣሪያው ማለቴ ነው) የፕላስቲክ እጀታ ዴኩን በሙሉ ቀስ ብለህ ምታ። ጤነኛው ጠጣር ድምፅ አለው። የበሰበሰው ደፍኖ ይመልስልሃል። ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በጠመኔ አክብበው።

በተለይ ምሰሶው የቆመበትን ቦታ። ምሰሶው ዴኩ ላይ ነው የሚቆመው፤ ጫናውን ወደ ታች የሚያስተላልፈው ካቢን ውስጥ ያለው ቋሚ ነው። ሽቦዎቹ ሲወጠሩ ምሰሶውን ቁልቁል ይጫኑታል። ዴኩ እዚያ ላይ ከተንቦረቀቀ የፈለግኸውን ያህል ብታጠብቅ ሽቦው ይላላብሃል።

ማንኛውንም ብሎን ከዴኩ ባወጣህ ቁጥር ቀዳዳውን ከልኩ አስፍተህ ብሳው፣ በወፍራም ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሐሉን በልኩ ብሳው። ከዚያ በኋላ ቡቲሉ ቢያፈስ እንኳ ውሃው ኢፖክሲ ነው የሚያገኘው እንጂ እንጨት አይደለም። አሰልቺ ሥራ ነው። ፖድካስት ክፈት።

የጣና_ልጅ
ከባሕር ዳር ነው። ይሄን ሁሉ ኢፖክሲ ሳነብ ታንኳችን ትዝ አለኝ። ደንገል ይታሰራል፣ ይቀዘፋል፣ ማታ ከውሃ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይደርቃል። ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ሌላ ይሠራል። ጥገና የለ፣ ሰገባ የለ።

ቁም ነገሩ ግን፣ እንዲህ ዓይነት ጀልባ ጣና ላይ ይሠራል? ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለን። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ከ14 ሜትር አይበልጥም፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ጉልበት አያልፍም።

ደቡብ_ነፋስ
ዳር ላይ ለመጠጋት ኪሉ የሚነሳ ጀልባ ነው የሚያዋጣው። እምቦጩ ግን ያሳስበኛል። ሰገባው ውስጥ ገብቶ ሲጠቀለል ኪሉን ማንሳትም ማውረድም አይቻልም። የሞተሩንም ፕሮፔለር ያንቀዋል። እምቦጭ በሌለበት በኩል ከሆነ ለምን አይሠራም።

ደረቅ_መሬት
ጣናነሽ ሁለትን ከጅቡቲ በመኪና ጭነው ካመጡ ይቺማ በፒካፕ ትገባለች።

ካቻቢቴ
በፒካፕ አትገባም፣ አንድ ቶን ናት። ይልቅ ስለ ትሬለሩ ማንም አላነሳም። ወንዝዳር፣ የትሬለሩን ኩሽኔታ አይተሃል? ቆሞ የኖረ ትሬለር ጎማው ጥሩ ቢመስልም ጎኑ ላይ ይሰነጣጠቃል። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች ታገኘዋለህ፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ። ኩሽኔታውን ፍታው፣ እጠበው፣ የውሃ ግራሶ ሙላው። ትሬለር ውሃ ውስጥ ትኩስ ሆኖ ሲገባ ውሃ ይምጋል፤ ስለዚህ ስትደርስ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቅ። መብራቱን ደግሞ ወደ ውሃ ሳትገባ ንቀለው።

ወንዝዳር
ጎማዎቹ የ2009 ናቸው። እሺ፣ እነሱም ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። 2,500ዋ እየቀለጠች ነው። ሶላሩን ሙሉ በሙሉ ልተወው ማለት ነው?

አሽዶድ_ወደብ
አትተወው፣ አሳንሰው። የምትፈልገው የመርከብ መብራት፣ ሬዲዮና ስልክ መሙያ ነው። ለዚህ ትንሽ ባትሪና 20 ወይም 30 ዋት ፓነል ይበቃል። ሊቲየም ጥሩ ነው፣ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲሆን መሙላት አይቻልም፣ ሴሎቹ ይበላሻሉ። እናንተ ጋ ደግሞ ክረምት አለ። አውጥተህ ቤት ታስገባዋለህ ወይም ቅዝቃዜ ሲኖር መሙላት የሚያቆም ትገዛለህ።

ሽቦ ስትዘረጋ የቤት ሽቦ አትጠቀም። በቆርቆሮ የተለበጠ የጀልባ ሽቦ ግዛ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርግ፣ ከ18 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ። ጀልባ ውስጥ እሳት ሲነሳ የሚሸሽበት ቦታ ውሃ ብቻ ነው።

ምጽዋ66
ልጆች ይዤ እወጣለሁ ብለሃልና፣ ከአውቶፓይለት በፊት ዋናውን ሸራ የሚያሳጥር ገመድ አስገጥም። ነፋስ ሲበረታ ሸራን መቀነስ ማለት ነው። አብዛኞቹ አሮጌ ሸራዎች ቀዳዳው አላቸው፣ ገመዱ ግን የለም። ሁለት ገመድና ሁለት ማያዣ ነው ወጪው። ትሬለር ላይ እንዳለች ግቢ ውስጥ ተለማመደው። ነፋሱ ከመጣ በኋላ መማር ልጆቹን ያስፈራቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ጀልባ አይወዱም።

ከ13 ዓመት በታች ያሉት ላይፍ ጃኬታቸውን ለብሰው ነው የሚወጡት። ሕግም ነው።

ደቡብ_ነፋስ
ጋሼ ልክ ናቸው። ስለ ግቢ ካነሱ ግን፦ ምሰሶውን ከማቆምህ በፊት ወደ ላይ ቀና በል። ግቢው ላይ፣ መንገዱ ላይ፣ ማውረጃው አጠገብ የኤሌክትሪክ መስመር አለ ወይ? ምሰሶው አሉሚኒየም ነው፤ ከመስመሩ ጋር ከተነካካ የያዘው ሰው ይሞታል። በየአገሩ የሚደርስ አደጋ ነው። ምሰሶ አቁመህ ትሬለሩን አታንቀሳቅስ።

ምሰሶውን ለብቻህ ለማቆም ደግሞ ከፊት አንድ አጭር ቋሚ ቱቦ ተክለህ በፑሊ መሳብ ትችላለህ። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ እኔ መጀመሪያ የምሠራው እሱን ነው። ምሰሶ ማቆም የሚያስፈራው ሰው ጀልባውን ከግቢ አያወጣም።

ወንዝዳር
ዜና ይዤ መጣሁ። ካቻቢቴ ከነስታንዱና ከነልጁ መጥቶ ኪሉን አወረድነው። (ካቻቢቴ፣ እናቴ ለቡናው ትደገም ብላለች።) ፒኑ መሐሉ ላይ ወገብ አውጥቷል፣ በጣት ይታወቃል። ቀዳዳውም ወደ አንድ ጎን ሞላላ ሆኗል። ቶርኖ ቤት ወሰድነው፤ ቡኮላ ይገባለታል። አዲስ ፒን፣ ማንጠልጠያ፣ ገመድና ቱቦ አዝዣለሁ። ኪሉ በአሸዋ ተነፍቶ በዚያው ቀን ተቀብቷል።

ዴኩ ላይ በጠመኔ ያከበብኩት ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱም ሽቦ የሚታሰርበት አጠገብ። የምሰሶው ሥር ጤነኛ ነው። ፈርለር፣ አውቶፓይለትና ስፒከር ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፈዋል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሻጩ ሰውዬ ወንዝ ላይ ኪሉ «ቋ ቋ» ይላል ብለውኝ ነበር፣ እሱስ ይጠፋል? ደግሞ አዲሱ ገመድ ዊንቹ ላይ ስንት ዙር ይቅር?

ደቡብ_ነፋስ
ድምፁ ኪሉ ሰገባው ውስጥ ግራ ቀኝ ሲመታ ነው፣ በተለይ ጎን ለጎን ሞገድ ሲመጣ። ፒኑ ላይ በኪሉና በማንጠልጠያው መሐል ክፍተት አለ። በሁለቱም በኩል እኩል ውፍረት ያለው ራንዴላ አስገብተህ ክፍተቱን ሙላ። ኪሉ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ድምፁም አብዛኛው ይጠፋል። ግን እስኪታነቅ አታጥብቀው፣ በነጻ መውረድ አለበት። ኪሉን ወርዶ ሳለ የሚቆልፍ ብሎንም አለ። እሱን ፖቶማክ ላይ አታጥብቀው። ጭቃ ሲነካ ኪሉ ወደ ኋላ እንዲነሳ ተወው፤ ከተቆለፈ ምቱን ፒኑና ወለሉ ይቀበሉታል።

ዊንቹ ላይ፣ ኪሉ ሙሉ በሙሉ ወርዶም ቢሆን ቢያንስ ሦስት አራት ዙር ይቅር። ጭነቱን የሚይዘው ጥቅሉ ነው እንጂ የገመዱ ጫፍ ያለበት ብሎን አይደለም። ኪሉ ሲወርድ ገመዱን ሙሉ በሙሉ አታላላው፣ ትንሽ ውጥር ይበል። በሩጫ ላይ ገመዱ ውሃ ውስጥ ሲያንጎራጉር ትሰማዋለህ፤ ጤነኛ ነው።

የዊንቹ ፍሬን በሰበቃ ነው የሚይዘው። ዘይትም ግራሶም የፍሬኑን ሸክላ እንዳይነካው። ማንቬላውን ደግሞ ኪሉ ሳይቀመጥ አትልቀቅ፤ በራሱ ከዞረ የእጅ አጥንት ይሰብራል። ለልጆቹም ቀድመህ ንገራቸው፣ መዞር የሚወዱት እሱን ነው።

ወንዝዳር
ተግባባን። ኪሉን ለመመለስ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰው ይበቃናል ወይ?

ካቻቢቴ
ሦስት ይሁን። ልጄን አመጣለሁ። ስታንዶቹን ግን እሑድ መልስልኝ፣ የሰው ናቸው።